ቅቤ የጠጣው ስድስት ጎራሽ

እልል በሉልኝ! ዛሬ ጠዋት አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ሌላውን ጫማ ስፈልግ የእማዬ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ከሙዚየም ነው። ስለ ሽጉጣችን የጻፍኩት መግለጫ፣ ከመስታወት ሳጥኑ አጠገብ የሚለጠፈው፣ ተቀባይነት አገኘ! አንድ ቃል አልተነካም! "ስለ ቅቤው የሚናገረውን መስመር የጻፈው ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። እማዬ ስልኩን በእጇ ከደን አድርጋ "አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ፣ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጸሐፊ ያለ ይመስል። አዎ፣ እኔ ነኝ። የአሥራ አንደኛ ክፍሏ ፌቨን፤ የአማርኛ መምህሯ በየድርሰቷ ሥር "ተንዛዝቷል" ብለው በቀይ የሚጽፉባት።

መግለጫው ስድስት መስመር ብቻ ነው። ከዚያ እንዳይበልጥ ተብያለሁ። ታዲያ የተረፈኝን ምን ላድርገው? እዚህ ልንዛዛ።

ነገሩን የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። ባለፈው ወር ሽጉጡን ልናስረክብ ስንል እታለም ሳጥኑን ከፈተችው። እታለም የእናቴ እናት ናት፤ ወይዘሮ አስናቀች የሚሏት ሌሎች ሰዎች ናቸው። ክዳኑ ሲነሳ አንድ ሽታ ብድግ ብሎ ፊቴ ላይ ወጣ። ብረት፣ አሮጌ ቆዳ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ አደስ የገባበት ቅቤ። በቃ፣ ዘጠኝ ዓመቴ ሆነ። ክረምት ሆነ። ገርጂ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አፍንጫዬን መስኮቱ ላይ ለጥፌ ቆምኩ።

ሦስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነበር። እማዬ ሩዋንዳ የሚባለው ሰፈር ያለ ቢሮ ስለምትሠራ ጠዋት ወጥታ የምትመለሰው ሲመሻሽ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ያለነው እኔና እታለም ነን። እኔና እታለምና ሽጉጡ ብል ይሻላል።

ሽጉጡ ስድስት ጎራሽ ነው፤ ስድስት ጥይት የሚጎርስ፣ መሀሉ ላይ የሚሽከረከር ክብ ነገር ያለው። ያንን ክብ ነገር እኛ ቤት ከበሮ ነው የምንለው። እጀታው ቀንድ ነው፣ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል። የእታለም አባት ሽጉጥ ነበር፤ ከእሳቸው በፊት ደግሞ የአባታቸው። ከዚያ በፊት የማን እንደነበር ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር አዲስ ታሪክ ይወጣለታል። አንዴ ከግሪክ ነጋዴ የተገዛ ነው፣ አንዴ በበቅሎ የተለወጠ ነው። በቅሎዋም አንዴ ዳማ ናት፣ አንዴ ግራጫ።

በየበዓሉ ዋዜማ እታለም ፀጉሬን ፈትታ ቅቤ ትቀባኛለች። እኔን ስትጨርስ እጇን አትታጠብም። ሳጥኑን ታወጣና መዳፏ ላይ የቀረውን ለሽጉጡ ታደርገዋለች። ከላይ እስከ ታች፣ ጣቷ በገባበት ስንጥቅ ሁሉ። ከዚያ እሱን በአሮጌ ነጠላ፣ እኔን በሻሽ ትጠቀልለናለች። ሁለታችንም ተቀብተን፣ ተጠቅልለን በዓሉን እንጠብቃለን።

"ቅቤው ለምንድን ነው?" ስላት "እንዲያድግልሽ" ትለኛለች። እንግዲህ የእኔን ፀጉር የሚያሳድግ ከሆነ ሽጉጡንም ያሳድጋል ብዬ ደመደምኩ። በእኔ ቤት ሽጉጥ የጠመንጃ ልጅ ነው። እታለም እጅ ላይ እንዳለ ከሩቁ በዓይኔ እለካዋለሁ። አላደገም። ደግሞ በጾም አትቀባውም፤ "እሱም ይጹም" ትላለች። ያላደገው ጾም ስለሚበዛበት ነው ብዬ በጣም አዘንኩለት።

ሐምሌ አጋማሽ ላይ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ ተባለ። እታለም ነጠላዋን አጣፍታ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ጠይቃ መጣች። "ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ወንበር ሰጡኝ" አለች። ነገሩ ቀላል ነው፤ ሽጉጡ ተከፍቶ ስድስቱም ቀዳዳ ባዶ መሆኑ ይታያል፣ ከዚያ ይመዘገባል። ጳጉሜን ሳታልቅ። ካልተከፈተ አይመዘገብም፣ ካልተመዘገበ ደግሞ ቤት አይቀመጥም።

እታለም አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከበሮውን በአውራ ጣቷ ገፋችው። አልተነቃነቀም። በሁለት እጇ ሞከረችው። እምቢ። አርባ ዓመት ቀብታዋለች እንጂ አንድ ቀን ከፍታው አታውቅም።

"ፌቨንዬ፣ ውጪልኝ። ደረጃው ላይ ሆነሽ ጠብቂ።"

"ለምን?"

"ውስጡ ጥይት ይኑር አይኑር አላውቅማ!"

"አባትሽ አልነገሩሽም?"

"ባዶ ነው ብሎኛል። ግን ላሚቱ አትራገጥምም ብሎኝ ያውቃል።"

በማግስቱ ወንድሟ ከቦሌ አራብሳ መጡ። አባባ ሽፈራው ከእታለም በአምስት ዓመት ያንሳሉ፣ ድምፃቸው ግን በአሥር ይበልጣል። ሊረዱ አልነበረም የመጡት። አባታቸው ሲሞቱ ሽጉጡ ለሴት ልጅ መሰጠቱ አርባ ዓመት ሙሉ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ ቀርቷል።

"ዝጓል" አሉ ገና ሳይቀመጡ። "አላልኩም? ያኔ በለቅሶው ላይ፣ ሴት እጅ የገባ መሣሪያ ይዝጋል አላልኩም?"

"ብለሃል። አገር ሰምቶሃል።"

"በቃ ስጪኝ። በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ከፍቼ በስሜ አስመዘግበዋለሁ። ከቤተሰብ አይወጣ።"

"ሽፌ፣ አባታችን ለምን ለእኔ እንደሰጠኝ ረሳኸው?"

"እትዬ፣ ያንን ወሬ ዛሬ…"

"በሠርግ ላይ ልተኩስ ብለህ የጎረቤቱን የጠላ ጋን አልበሳህም? ሙሽሮቹ ጠላ ለብሰው አልገቡም?"

አባባ ሽፈራው ውሃ ስጡኝ አሉ። ውሃውን እየጠጡ ግን ጣታቸውን እንደቀሰሩ ነው። እታለም ጠብቃ ጠብቃ፣ ብርጭቆው ሲያልቅ ተናገረች። "ጳጉሜን ሲገባ ካልተከፈተ ራሴ አራብሳ ድረስ አመጣልሃለሁ። ከተከፈተ ግን ሁለተኛ ይሄ ነገር አይነሳ።"

"ዝገትም ካልተገኘበት ነዋ!"

"አንዲት ነጥብ ዝገት አግኝተህ አሳየኝ፤ ያኑ ዕለት ውሰደው።"

ምድር ቤት ጋሽ ቶሎሳ ይኖሩ ነበር። የወለጋ ሰው፣ ጴንጤም ናቸው፤ ወታደር ቤት መሣሪያ ሲጠግኑ ሸብተው፣ ጡረታ ሲወጡ የልብስ ስፌት መኪና መጠገን ጀመሩ። ሲሠሩ መዝሙር ያንጎራጉራሉ። መዝሙሩ ቆመ ማለት ሥራው ከብዷል ማለት ነው።

እታለም ሽጉጡን በዘንቢል ይዛ ወረደች። ጋሽ ቶሎሳ ገና ሲያዩት ተቀብለው አፈሙዙን ጓሯቸው ውስጥ ያለ የአሸዋ ጆንያ ላይ አዞሩት። "ማንም ከፊቱ አይቁም" አሉ። "ባዶ ነው የሚል ሰው ሁሉ፣ እስኪታይ ድረስ ውሸታም ነው።" እኔ ከበር ውጭ፣ ደረጃው ሦስተኛ እርከን ላይ እንድቀመጥ ተፈረደብኝ። ከዚያ ሆኜ ግማሹን አያለሁ፣ ሙሉውን እሰማለሁ።

ትንሽ የፊት መስታወትና የስልካቸውን መብራት ይዘው ቀዳዳዎቹን በመስታወቱ ውስጥ አዩ። ራሳቸውን አንዴም ወደ አፈሙዙ አላዞሩም። "አምስቱ ብርሃን ያሳልፋሉ" አሉ። መስታወቱን ዞር አደረጉት። "ስድስተኛው ድፍን ነው።" መዝሙሩ ቆመ።

ከዚያ በካቻቢቴ የጎኑን ክዳን ፈቱ። "ሞላው ደህና ነው። ጥርሱ ደህና ነው። ዝገት… ዝገት የሚባል የለም! እትዬ፣ ይሄ ሽጉጥ ከእኔ ጥርስ ይጸዳል እኮ።" እታለም ነጠላዋን አስተካከለች። "ታዲያ ለምን አይዞርም? ምንድን ነው የሚቀቡት?"

እታለም ነጠላዋን እንደገና አስተካከለች። "የመሣሪያ ዘይት ነው እንጂ" አለች።

እኔ ደረጃው ላይ ቀጥ አልኩ። የመሣሪያ ዘይት? ቀና ብዬ ሳያት እታለም ወደ እኔ አላየችም። አለማየት ብቻ አይደለም፤ አጥብቃ ነበር ያላየችኝ። ያኔ ገባኝ። እታለም ዋሸች! በአንዲት ብስኩት ዋሽተሻል ብላ ጭኔን የቆነጠጠችኝ እታለም!

ጋሽ ቶሎሳ ነጭ ጋዝ በጠብታ አደረጉበት። እታለም በየቀኑ ይዛው ትወርዳለች፣ በየቀኑ ይዛው ትወጣለች፤ ከቤቷ ውጭ አታሳድረውም። አራተኛው ቀን ላይ ጋሽ ቶሎሳ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። "እኔ የማላውቀው በሽታ ነው የያዘው" አሉ። የዚያን ቀን እታለም ደረጃውን ስትወጣ በየፎቁ እየቆመች ነው።

ነሐሴ ገባ፣ ፍልሰታ ተያዘ። እታለም ምስር እየለቀመች፣ እኔ አጠገቧ።

"እታለም፣ ለምን ቅቤ ነው አላልሻቸውም?"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። "ያኔ አገር ቤት የመሣሪያ ዘይት ከየት ይምጣ? ያለኝን ቀባሁት። ከዚያ በኋላም ለመደብኝ። ሽፌ ይሄን ቢሰማ፣ እህቴ ሽጉጥ ከወጥ ጋር ቀላቀለች ብሎ አራብሳን በሙሉ ያስቅብኛል። አባቴ ሲሞት አደራ ያለኝ ሁለት ነገር ነው። ሽፌንና ሽጉጡን። ሽፌን አሳደግኩት፤ ይኸው ሽጉጡን ሊቀማኝ ቆሟል።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አፍሽን ያዢ።"

"እሺ" አልኩ።

እሺ አልኩ እንጂ ሆዴ እሺ አላለም። ባለፈው ዓመት ሆዴን ሲያመኝ ሐኪሙ ምን በላሽ ሲለኝ ምንም ብዬ ነበር፤ ከግቢው ዛፍ ጥሬ ኮክ ሰርቄ በልቼ። ማን ነው "ሐኪም ሲጠይቅሽ እውነቱን ተናገሪ!" ብሎ የጮኸብኝ? እታለም ናት። ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ በገዛ አፋቸው በሽታ ነው ብለዋል። እንግዲህ እሳቸው ሐኪም ናቸው ማለት ነው። በማግስቱ እታለም ቅዳሴ ስትሄድ እሳቸው ጋ ትታኝ ሄደች።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ አንድ ነገር ብነግርዎት ለአባባ ሽፈራው ይናገራሉ?"

"እኔን ከሽፈራው ጋር ምን አገናኘኝ?"

"ይማሉልኝ።"

"እኛ አንምልም፣ ኢንተላ ኮ።" ልጄ ማለታቸው ነው፣ በኦሮምኛ። "እኛ አዎን ካልን አዎን ነው።"

"እሺ አዎን ይበሉኝ።"

"አዎን።"

"ዘይት አይደለም። ቅቤ ነው።"

ካቻቢቴው አየር ላይ ቆመ።

"ቅቤ ነው" አልኩ በድጋሚ፣ ያልሰሙኝ መስሎኝ። "አደስ ያለበት። እኔንም እሱኑ ነው የምትቀባኝ። እንዲያድግ ነበር፣ ግን አላደገም።"

ጋሽ ቶሎሳ የስፌት መኪናውን ተደግፈው ሳቁ። ድምፅ የለውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ድንገት ኮስተር አሉ። "አርባ ዓመት ቅቤ! ከአቧራውና ከነጠላው ጥጥ ጋር ማስቲሽ ሆኗላ! እኔ ሰውዬው ደግሞ በዚህ ብርድ ጋዝ አንጠባጥብበታለሁ። የረጋ ቅቤ ምን ይፈልጋል?"

"ሙቀት!"

"ሙቀት። ግን ያ ስድስተኛው ቀዳዳ ድፍን ነው። ጥይት ቢሆንስ? እሳት አጠገቡ አይደርስም።" ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ሰማዩ ያልተጨመቀ ብርድ ልብስ ይመስላል። "ፀሐይ ነው የሚያስፈልገን። ቀስ ብላ የምታሞቅ ፀሐይ።"

ለእታለም የነገሯት ይህችን ብቻ ነው፤ "እትዬ፣ ዘይቱ ረግቷል፤ ፀሐይ ላይ እናውጣው።" እታለም በዚህ ጊዜ አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ግን አልቆነጠጠችኝም።

እኔም ሥራ ተሰጠኝ። ፀሐይ ጠባቂ ሆንኩ።

የጋሽ ቶሎሳ ጓሮ ፀሐይ የሚያገኘው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ከዚያ የፊት ለፊቱ ብሎክ ጥላ ይውጠዋል። ወንበር አውርዶ፣ ሽጉጡን አሸዋው ላይ አመቻችቶ፣ ሰው አርቆ እስኪጨረስ ፀሐይዋ አትጠብቅም። ስለዚህ ሳትወጣ በፊት ማወቅ አለብኝ። ያስተማሩኝ አውሮፕላኖቹ ናቸው። ቦሌ ለማረፍ በእኛ ጣሪያ በኩል ነው የሚያልፉት። ድምፁ ተሰምቶ አውሮፕላኑ ካልታየ ደመናው ተጭኗል፣ ተስፋ የለም። ሆዱ ታይቶ ጅራቱ ከጠፋ፣ ጠብቂ። የጅራቱ ቀለም እስኪለይ ከታየ ግን ሩጪ! "ጅራቱ ታየ! ጅራቱ ታየ!" እያልኩ ሁለት ሁለት እርከን እየዘለልኩ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሴትዮ እባብ የገባ መስሏቸው መጥረጊያ ይዘው ወጡ።

የመጀመሪያው ቀን ሃያ ደቂቃ አገኘን። ሁለተኛው ቀን ምንም። ሦስተኛው ቀን በረዶ ጣለ፣ ጓሮው ነጭ ሆነ። እታለም ወንበሯን ይዛ ትወርዳለች፣ ዝናብ ሲመጣ ወንበሯንና ዘንቢሏን ይዛ ትወጣለች። እኔ አኩርፌ መስኮቱን በቡጢ ስመታ "ነገ" ትለኛለች። ሲነጋም "ነገ ያልኩሽ ዛሬን ነው" ብላ ነጠላዋን ታጣፋለች። ፀሐይ በወጣችባት በእያንዳንዷ ደቂቃ ጋሽ ቶሎሳ ጋዝ ጠብ ያደርጉና በክብሪት እንጨት ይፍቃሉ። የሚወጣው ነገር ቡናማ ነው፣ የጆሮ ኩክ ይመስላል። "አይዞን እትዬ፣ ኩኩ ሲወጣለት ይሰማናል" ይላሉ።

ፍልሰታ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው አባባ ሽፈራው "እስቲ የት ደረሰ" ብለው መጡ። ዕድል ሆነና ያ ቀን ከጠዋት ጀምሮ የጅራት ቀን ነበር። አምስት ሰዓት ሆነ። እታለም ወንበሯ ላይ፣ አባባ ሽፈራው ከጀርባዋ፣ እኔ ሦስተኛው እርከን ላይ። አምስት ተኩል ሲሆን ጋሽ ቶሎሳ መዝሙሩን አቆሙ። ሁለት አውራ ጣታቸውን ከበሮው ላይ አድርገው ገፉ።

ቂጭ።

ያቺን የምታህል ትንሽ ድምፅ። እታለም ከወንበሯ ግማሽ ተነሳች። ከበሮው ቀስ ብሎ ወጣ፤ ከድፍኑ ቀዳዳ አንድ ሾጠጥ ያለ ጫፍ ብቅ አለ።

"ጥይት!" አሉ አባባ ሽፈራው፣ ሲሉም ጓሮው ጥግ ካለው የውሃ በርሜል ጀርባ ደርሰዋል።

ጋሽ ቶሎሳ አልሮጡም። ጫፉን በመስታወቱ አዩት፣ ፈገግ አሉ፣ በክብሪት እንጨት ቀስ አድርገው ገፉት። ከሥሩ የተነጠፈው አሮጌ ነጠላ ላይ ወደቀ። የጥይት ቁመት፣ የጥይት ውፍረት አለው። ሲወድቅ ግን ድምፅ አላሰማም። ፀሐይዋ ላይ ትንሽ ቆየና ማላብ ጀመረ። ከዚያ ቀለጠ።

ሽታው ጓሮውን ሞላው።

"ይሄ… ምንድን ነው የሚሸተው?" አባባ ሽፈራው አንገታቸውን ከበርሜሉ በላይ አወጡ። ጋሽ ቶሎሳ እኔን አዩኝ። አዎን ብለውኛልና አፋቸውን ገጠሙ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

እታለም ቆመች። "ቅቤ ነው" አለች።

"ምን?"

"ቅቤ! አርባ ዓመት የቀባሁት ቅቤ። እንዳይዞር የያዘውም እሱ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳቅ። ስቀህ ስትጨርስ ግን መነጽርህን አድርግና ዝገት ፈልግ!"

አባባ ሽፈራው ለሳቅ አፋቸውን ከፈቱ። እታለምን አዩ። አፋቸውን ዘግተው መነጽራቸውን አደረጉ። አቤት አፈላለግ! ስድስቱን ቀዳዳ አንድ በአንድ፣ ሞላውን፣ የቀንዱን እጀታ ሥር። ጋሽ ቶሎሳ መብራት ያዙላቸው። በመጨረሻ ከበሮውን በጣታቸው አሹና ጣታቸውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። እዚያው ቆዩ።

"የእናታችንን ራስ ይሸታል" አሉ። ድምፃቸው ከእታለም ድምፅ ሲያንስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

"አደሱ እንዴት እንደሚገባ ያሳየችኝ እሷ አይደለች?"

አንድ አውሮፕላን ከነጅራቱ አለፈ።

"እትዬ" አሉ አባባ ሽፈራው፣ "በፍልሰታ ጾሜን ልታስፈቺኝ ነው እንዴ!" ጣታቸውን እንደ ጥፋተኛ ከራሳቸው አርቀው ይዘው ቧንቧ ፍለጋ ሄዱ። ሲመለሱ ሽጉጡን አልጠየቁም። የጠየቁት ውሃ ነው።

ጣቢያ የሄዱት አብረው ነው። ዘንቢሉን ማን ያዘ? አባባ ሽፈራው። ፖሊሱ ከበሮውን ሲያዞረው ስድስት ጊዜ ቂጭ አለ አሉ፤ መዝገቡ ላይም የእታለም ስም ተጻፈ። አባባ ሽፈራው "ዝገት የለበትም፣ እኔ ራሴ አይቻለሁ" ብለው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለጣቢያው በሙሉ ተናገሩ።

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ እታለም ፀጉሬን ቀባችኝ። መዳፏ ላይ የቀረውን አየችው፣ ሳጥኑን አየችው። ከዚያ እጄን ሳብ አድርጋ ክርኔ ላይ ጨረሰችው። ለሽጉጡ ጋሽ ቶሎሳ የሰጧት ትንሽ ጠርሙስ ዘይት ነበራት። "እንግዲህ ከዚህ በላይ አያድግም" አለችኝ ሳቋን ውጣ። ጋሽ ቶሎሳ! ለእታለም አልናገርም አላሉማ!

አሁን ሽጉጡን ሰው ሁሉ ይየው ያለችው እታለም ራሷ ናት። የሙዚየሙ ቅጽ ላይ "በምን ተጠብቆ ቆየ?" የሚል ክፍት ቦታ ነበር። እስክሪብቶዬን ይዤ አየኋት። እሷም አየችኝ። "ጻፊው" አለች። ጻፍኩት፦ አርባ ዓመት በቅቤ፣ በወይዘሮ አስናቀች እጅ።

ቅዳሜ ይከፈታል። ሁላችሁም ኑ። ከመስታወቱ ሳጥን አጠገብ ነጠላዋን ያጣፋች፣ አደስ አደስ የምትሸት አንዲት አሮጊት ወንበር ይዛ ታገኟታላችሁ። አትፍሯት። ጠጋ በሉና "እማማ፣ ምን ዘይት ነበር የሚቀቡት?" ብላችሁ ጠይቋት። ከማለዳ ጀምሮ የምትጠብቀው ይህንኑ ጥያቄ ነው።